ለጨዋታ ቀጠሮ ሰጪው ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ሥራ ይዞ፣ ቤተ ሰብ እያስተዳደረ፣ በስልኩ የኢንተርኔት ጨዋታ የሚጫወት ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። እኔም አንዱ ስለ ሆንሁ የሚከተለውን አጭር ሐሳቤን በአንባብያን አምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምጫወተው መስከረም 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበውን ጌንሺን ኢምፓክት የተባለውን ነው። ተጫዋቹ በሰፊ ዓለም ውስጥ እየተዘዋወረ ተራራ ይወጣል፣ ውሃ ይሻገራል፣ ከጭራቅ ጋር ይዋጋል። ጨዋታው ሲጫን ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። በየቀኑ አራት ትእዛዝ ይሰጣል። የአውሮፓን ሰርቨር ለመረጥን ሰዎች ቀኑ የሚለወጠው በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ያላደረሰ ሰው የዕለቱ ሽልማት ያመልጠዋል። ሬዚን የሚባለውም ኃይል በየ8 ደቂቃው አንድ እየጨመረ ይሄድና 200 ሲሞላ ይቆማል። ተጫዋቹን የሚያቻኩለው ይኸው ነው።

በቅርቡ አንድ ማታ ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ «አባዬ፤ ይህን አሳየኝ» አለችኝ። «ቈይ፤ ትንሽ ቀረኝ» አልኋት። ቀና ብል ደብተሯን እንደ ታቀፈች ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። በማግሥቱ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። የአራቱ ትእዛዞች ዋጋ በጠቅላላው 60 ፕሪሞጄም ነው፤ አንድ ዕጣ ለማውጣት ግን 160 ያስፈልጋል። እንግዲህ ልጄን ያስጠበቅኋት የአንድ ዕጣ እኩሌታ እንኳ ለማይሞላ ነገር ኖሯል! ሬዚኑም ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ስለሚፈጅ በቀን አንድ ጊዜ ቢጐበኙት ይበቃል። ዋናው ታሪክና የካርታው ጉዞም ቀን አልተቈረጠላቸውም፤ ቢተዉአቸው እስከ እሑድ ይጠብቃሉ።

አንዳንድ ወዳጆቼ በታክሲ ሰልፍና በሥራ መካከል ብትነካካው ምን አለበት ይሉኛል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በተሰረቀ ደቂቃ የሚጫወት ሰው ሥራውንም በሚገባ አይሠራ፣ ጨዋታውንም አይጠግበው። ሌሎች ደግሞ ፈጽመህ ተወው ይላሉ። ይህንም አልቀበልም፤ ሲደክም የዋለ ሰው መዝናናት ያስፈልገዋል።

በበኩሌ የያዝሁት ደንብ ይህ ነው፤ ልጆች ከተኙ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት። በዚህ መካከል ሬዚኑ ሞልቶ ቢቆም ይቁም፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ከሚቈየው ልዩ ዝግጅትም ደስ ያለኝን መርጬ ሌላውን እተዋለሁ።

ወገኖቼም እንዲሁ ሒሳባቸውን ሠርተው ለጨዋታው ቀጠሮ ሰጪዎች ራሳቸው እንዲሆኑ እመክራለሁ። ጨዋታው እስከ እሑድ ይጠብቃል፤ የልጅ ጥያቄ ግን አይጠብቅም።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ