ያለ ደመወዝ ማገልገል ከተጠያቂነት ያድናልን?

በአሜሪካ የአንዳንድ መንደሮች መንገድ የመንግሥት አይደለም። ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ መዋጮ እያወጡ ይጠግኑታል፤ በረዶውንም ያስጠርጋሉ። ማኅበሩን የሚመሩት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ጎረቤቶች ናቸው። እዚያ ቤት የገዛ ወንድማችንም አንድ ቀን «እስቲ አንተ ምራን» ሊባል ይችላል። ታዲያ መንገዱ ተቦርቡሮ ሰው ቢጎዳ ካሣው ከማን ኪስ ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ በኃላፊነቱ ክልል ሲሠራ ለተሳሳተ ሰው ከለላ ይሰጣል። ሆኖም ሆን ብሎ ላጠፋ፣ ከባድ ቸልተኝነት ለፈጸመ፣ ወይም መኪና ሲነዳ ጉዳት ላደረሰ አይሆንም። በደመወዝ ፋንታ በዓመት ከ500 ዶላር በላይ የሚያወጣ ነገር የሚቀበልም በሕጉ በጎ ፈቃደኛ አይባልም። ማኅበሩንም ራሱን ከክስ አያድነውም። ከዚህም በላይ ሕጉ የሚመለከተው ለሕዝብ ጥቅም የቆሙ፣ ትርፍ የማያሳድዱ ድርጅቶችን ነው፤ ለአባላቱ ብቻ የቆመ የመንገድ ማኅበር ከለላውን ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ተመራጩ እሺ ከማለቱ በፊት የግዛቱን ሕግና የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያንብብ፤ ለአመራሩ ኢንሹራንስ መገባቱን ይጠይቅ። አቤቱታ ሲደርሰው በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብ። ለጥገናው ገንዘብ ቢጠፋ እንኳ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያስተክል።

ኒያ ማማሩ መልካም ነው። ነገር ግን የጎረቤት መንገድ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ደመወዝ ኖረም አልኖረ ይጠየቁበታል።