ስሙ ሃይላንድ፣ ውስጡስ?



እንደሚታወቀው እኛ ፋብሪካ ያወጣውን ስም ከተቀበልን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እናድለዋለን። ሱቅ ሄደን «ኦሞ ስጠኝ» ስንል ባለሱቁ «የቱን ኦሞ?» ይለናል፤ ማናችንም አንገረምም። የዱቄት ሳሙና ሁሉ ለእኛ ኦሞ ነዋ! የደቡቡ ወንዛችን ስም የሚመስለው ካለም ተሳስቷል፤ በ1908 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተመዘገበ የንግድ ስም ነው።

ባጃጅም እንዲሁ የሕንዳውያን የቤተሰብ ስም ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ፋብሪካ ባለሦስት እግሩን ተሽከርካሪ ስለሠራ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራውም ቢሆን ከመናኸሪያ ገበያ የሚያደርሰን ሁሉ ባጃጅ ሆኖ ቀረ። ቡታጋዝ የፈረንሳይ ኩባንያ ስም ነው። ልብስ ሰፊው የሚረግጠው ሲንጀርም በ1851 እ.ኤ.አ. የስፌት መኪና ድርጅት ያቋቋመው የአሜሪካዊው የአይዛክ ሲንጀር ስም ነው። ሰውየው መርሳን ሳያይ ስሙ እዚህ ጎጆ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ እንጂ የሚያስቆጣ አይደለም። የማስታወቂያ ሥራውም ይኸው ነው፤ ስሙን ደጋግሞ ጆሯችን ውስጥ ይተክልና ዕቃውን ሳናይ እንድናምነው ያደርጋል። ማስታወቂያ ያልተነገረለትን የመርሳን ማንጎና ፓፓያ ስንገዛ ግን እንዴት እንደምንሆን አስቡት። እናገላብጣለን፣ እንዳብሳለን፣ እናሸታለን። ቆሎ እንኳን ሳንቀምስ አንገዛም። ስም ያለው ሲሆን ዐይናችንም እጃችንም ሥራ ይፈታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ሃይላንድ ቀድሞ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ ማንኛውም የላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ይባላል፤ ባዶውም፣ ዘይት የተቀዳበትም፣ ማር የሞላበትም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ላምባም በሃይላንድ፣ በረኪናም በሃይላንድ፣ ለተባይ የሚረጨው መድኃኒትም ከሻጩ በሃይላንድ ተቀድቶ ይመጣል። በረኪና ደግሞ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ለትንሽ ልጅ ሃይላንድ ማለት የሚጠጣ ነገር ነው። ከሜዳ ሲሮጥ ውሎ ጠምቶት የገባ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ቢጎነጭ ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው እንዳንል ስሙን ያስተማርነው እኛው ነን።

አንዳንዶች «ታዲያ ደህናውን ጠርሙስ እንጣለው?» ይሉ ይሆናል። ኧረ አይጣል! እርሻ የሚወርድ ሰው ውሃ ይያዝበት፣ ዘይትም ይቀዳበት። እኛ የምንለው መርዝ አይቀዳበት ነው። በረኪናና የተባይ መድኃኒት በመጣበት ዕቃ ከነጽሑፉ ይቀመጥ። ላምባም የራሱ ጀሪካን ይኑረው። ሁሉም ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይዋል፤ ቢቻል ይቆለፍበት።

አያድርስና አንድ ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ ጣት ወደ ጉሮሮው መስደድ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል፣ ላምባ ከሆነም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ የጠጣውን እንዲያውቅ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

በረኪና በሃይላንድ እየቀዳችሁ የምትቸረችሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እንጀራችሁ እንዲዘጋ አንፈልግም። ልጅ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ግን «ለዚህ የሚሆን ዕቃ ይዘህ ና» ብላችሁ መልሱት። ዛሬ ቢያኮርፍ ነገ ይመጣል።

የሠፈራችን ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ ቤቱ ያለውን ሃይላንድ አንድ በአንድ እንዲያይ ማሳሰብ እንወዳለን።

የቅሬው ጸሐፊ