የጆርናል ፋይል ሲስተሞች ልኬት በቤት ኮምፒውተር፦ ፍጥነት ብቻውን ምን ይነግራል?

በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። አንድ ፕሮግራም ትንሽ መረጃ በአንድ ስፍራ ላይ እየደጋገመ ቢጽፍ፣ እያንዳንዱም ጽሕፈት በእርግጥ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ቢጠብቅ፣ ስፍራው ተመልሶ እስኪመጣ አንድ ሙሉ ዙር ማለፍ ስላለበት በሰከንድ ከ120 ጊዜ በላይ ሊሳካለት አይችልም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ በሰከንድ ብዙ ሺህ የተረጋገጠ ጽሕፈት ተመዘገበ የሚል ውጤት ሲቀርብ፣ የተለካው ዲስኩ አለመሆኑን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። መረጃው ያረፈው ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በቤት ኮምፒውተር ላይ የሚደረጉ ብዙ ልኬቶች ይህን ቀላል ስሌት ይዘነጋሉ። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ የ1 ጊጋባይት ፋይል ተጽፎ የኤክስት3፣ የኤክስት4 እና የኤክስኤፍኤስ ፍጥነት ተነጻጸረ ይባላል፤ የተነጻጸረው ግን በአመዛኙ ራሙ ከራሱ ጋር ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ለሦስት ተከፍሎ ለየፋይል ሲስተሙ አንድ አንድ ክፍል ሲሰጥም ሌላ ስሕተት ይገባል። የዲስኩ የውጭ ጠርዝ በአንድ ዙር ከውስጡ የበለጠ መረጃ ስለሚያሳልፍ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከመጨረሻው እጥፍ ያህል ሊፈጥን ይችላል። ለነገሩ ጉድለቱ የጀማሪዎች ብቻ አይደለም፤ ትሬገር፣ ዛዶክና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ106 የምርምር ጽሑፎች የቀረቡ 415 ልኬቶችን መርምረው ታዋቂዎቹ መለኪያዎች አብዛኞቹ እንከን ያለባቸው መሆናቸውን አሳይተዋል።

ከተሳሳተ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበው ግን ትክክል ሆኖ የሚያሳስት ቁጥር ነው። ጆርናል ማለት ፋይል ሲስተሙ መዋቅሩን ከመለወጡ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን የሚጽፍበት መዝገብ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዲስኩን በሙሉ ከመፈተሽ ይልቅ መዝገቡን አንብቦ መዋቅሩን ያቃናል። በ2001 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ከርነል 2.4.15 የገባው ኤክስት3 ሦስት አሠራሮችን ይዞ መጣ። አንደኛው የፋይሉን ይዘት ጭምር ይመዘግባል፤ ሁለተኛው መዋቅሩን ብቻ መዝግቦ ይዘቱ ቀድሞ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ሦስተኛው ለይዘቱ ቅደም ተከተል ዋስትና አይሰጥም። ባሪየር የሚባለው ጥበቃ ደግሞ የመዝገቡ ማኅተም ከሚያትመው ነገር ቀድሞ እንዳይጻፍ ይከለክላል። በዋናው ከርነል ኤክስት3 ለዓመታት ይህን ጥበቃ በነባሪነት ሳያበራ ቆይቷል፤ ኤክስት4 ግን አብርቶት መጣ። ሁለቱን እንዳሉ አወዳድሮ አሮጌው አሸነፈ የሚል ሰንጠረዥ ያወዳደረው ጥንቃቄን ከጥንቃቄ ማጣት ጋር ሊሆን ይችላል።

ፍጥነትን ብቻ ማየት የሚያስከፍለው ዋጋ በታሪክም ታይቷል። በኤክስት3 ነባሪ አሠራር ኤፍሲንክ የተባለው ጥሪ፣ ማለትም «ይህን ፋይል አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አሳርፍ» የሚለው ትእዛዝ፣ በፋይል ሲስተሙ የተጠራቀመውን ጽሕፈት ሁሉ ያስጠብቅ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ፋየርፎክስ 3 በዚሁ ምክንያት ሲንተፋተፍ ታየ፤ ፕሮግራም አዘጋጆችም ጥሪውን መሸሽ ለመዱ። በ5 ሰከንድ ልዩነት ይጽፍ የነበረው ኤክስት3 ድክመታቸውን ሸፈነላቸው። ኤክስት4 ግን የይዘቱን ጽሕፈት ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲያዘገይ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማሽናቸው በድንገት የቆመባቸው ተጠቃሚዎች ስማቸው ያለ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ የሆነ ፋይሎች አገኙ። የፋይል ሲስተሙ ዋና አዘጋጅ ቴዎዶር ጾ ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ መሆኑን ተከራከረ፤ በሕጉ መሠረት ልክ ነበር። ሆኖም ሕግ ጠቅሶ መርታት ፋይሉን ለባለቤቱ አይመልስም፤ እርሱም ይህን ሳያጣው አልቀረም፣ በከርነል 2.6.30 ማስታገሻ ገብቷል።

መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት ከተማ፣ ያለ ዩፒኤስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪ «ባሪየሩን አጥፋው፣ ይፈጥናል» ብሎ መምከር ክፉ ምክር ነው። የቤት ልኬትም ከፍጥነቱ ጎን ሌላ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ተራ ቁጥር ያላቸው መዝገቦችን ይጽፋል፤ ኤፍሲንክ በተሳካ ቁጥር ያን ቁጥር ባትሪ ወዳለው ሌላ ማሽን ይልካል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ ለዚህ ሲባል ቢበላሽ የማያስቆጭ ዲስክ መጠቀም ይሻላል። ሲነሣ ወደ ሌላው ማሽን የተላከው የመጨረሻ ቁጥር ዲስኩ ላይ መኖሩ ይታያል። ከጠፋ በቅድሚያ ባሪየሩ መብራቱ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎ የዲስኩ የጽሕፈት ካሽ ጠፍቶ ሙከራው ይደገም። ያን ጊዜም ከጠፋ መቀየር ያለበት ፋይል ሲስተሙ ሳይሆን ዲስኩ ነው።