ባንድ ወገን የተበላ ጎማ

ዕቃ ጫኝ ፒክአፕ መኪና ከመጋዘን እስከ ሱቅ፣ ከሱቅም እስከ ገጠር ገበያ ለነጋዴው የሚደክም አገልጋይ ነው። ይሁን እንጂ የፊት ጎማዎቹ ያለ ጊዜያቸው ባንድ ወገን ተበልተው ሲገኙ፣ ወቀሳው ወዲያው የሚያርፈው በጎማው ምልክትና በሻጩ ላይ ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

የጎማ አበላል ራሱ ምስክር ነው። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መካከሉ ከቀረ አየሩ አንሷል፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቷል። ባንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ወይም በእጅ ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ከሻከረ አሰላለፉ ተዛብቷል። እንደ ላንድክሩዘር 79 ባሉት ከባድ ፒክአፖች ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ስለሆኑ፣ ድንጋያማ መንገድ የመሪውን ዘንግ ሲያጣምም ወይም ቴስቲናው ሲላላ ትይዩነታቸው ይፈርሳል።

ጥፋቱ በዓይን አይታይም፤ ኪሳራው ግን ቀላል አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ የፊት ጠርዙ ከኋላው በ4 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እስኪደርስ ፍቀቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ጎማ ያለ ዕድሜው ሲጣል የሚባክነው የባለመኪናው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአገርም ሀብት ነው። ጎማው በጉዞ ላይ ቢፈነዳ ደግሞ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ጎማ ቶሎ ባለቀ ቍጥር ሻጩ ይጠቀማል የሚል ቢኖር ይሳሳታል፤ የተማረረ ገዢ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳልና። አዲሱን ከማስረከቡ በፊት አሮጌውን አገላብጦ የሚመለከት፣ ምክንያቱንም ለገዢው በቅንነት የሚነግር ሻጭ ግን የአንድ ቀን ሽያጭ ቢዘገይበትም ዘላቂ ደንበኛ ያፈራል። አስመጪውም ከጎማው ጋር የአሰላለፍ መለኪያ መሣሪያ ማስመጣትን ሊያስብበት ይገባል።

ባለመኪናው በበኩሉ አየሩን ጎማው ሳይሞቅ ያስለካ፤ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የፊቱን ከኋላው ያለዋውጥ፤ አዲስ ጎማ በገጠመ ጊዜም አሰላለፉን ያስመርምር። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለምርመራ የሚከፈለው ጥቂት ብር ሁለት ጎማ ከመጣል ያድናል።