አክሲዮን ይዞ መተኛት አያዋጣም

በሰፈራችን እድር ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ ስለሚታወቅ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር «ጋሼ፣ አክሲዮኔን ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ለመያዝ አደላለሁ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አክሲዮናችንን ለዓመታት የያዝነው አስበንበት ሳይሆን መውጫ አጥተን ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ የባንክ አክሲዮን መሸጥ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ገዥ በዘመድ አዝማድ ይፈለጋል፤ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ውልና ማስረጃ ይኬዳል፤ ባንኩ መዝገብ ላይ ስም እስኪዛወር ደግሞ ደጅ ይጠናል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን ይገበያይ ነበር። ደርግ በ1967 ትልልቆቹን ድርጅቶች ሲወርስ ያም ቀረ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ ገበያ ቆየን። በሩ እንደገና የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ሆነ።

በሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ አመል መጣ። የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን በተፈቀደው ትንሹ መጠን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር የገዛ አንድ የሰፈራችን ልጅ ባገኘኝ ቁጥር «አሁን ስንት ገባ?» ይለኛል፤ ቲማቲም የገዛ ይመስል! ድርጅቱ ምን አተረፈ፣ ዕዳውስ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

እንጀራ እየጋገረች የምታድር ጎረቤቴ ግን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። የ50,000 ብር የባንክ አክሲዮን አላት። ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ካፒታል ቢያንስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ካዘዘ ወዲህ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ለነባር ባለአክሲዮኖች ሲያቀርቡ ከርመዋል። እሷ ጋም ደብዳቤ መጣ፤ ተጨማሪ የምትገዛበት ገንዘብ ግን የላትም። «የእኔው ያው አለ አይደል?» አለችኝ። በቁጥር አዎ፣ ያው ነው። ነገር ግን የባንኩ ካፒታል እጥፍ ሲሆን እሷ ምንም ካልጨመረች፣ ከባንኩ ላይ ያላት ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ባንኩ በአዲሱ ገንዘብ በዚያው ልክ ካላተረፈ በየዓመቱ የምትወስደው የትርፍ ድርሻም ያንሳል። በዚያ ላይ ኑሮው አለ፤ ዘንድሮ የተከፈላት ብር ካምናው ያነሰ ጤፍ የሚገዛ ከሆነ፣ የተከፈላት መጠን ቢጨምርም ከስራለች።

እንዲህም ሆኖ ሽጪው አላልኳትም። አነስተኛ ቆጣቢ እየገዛና እየሸጠ ከሚያገኘው ይልቅ በኮሚሽንና በድንጋጤ የሚያጣው ይበልጣል። ዋጋ ወረደ ተብሎ አይሸጥም። የሚሸጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛው ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ወይም ለሕክምና የሚፈለግ ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከመጀመሪያውም አክሲዮን ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ሁለተኛው ድርጅቱ ራሱ ሲለወጥ ነው። በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ዓመት በዓመት ሲወርድ፣ የተበላሸው ብድር ሲከመር፣ ቦርዱ ለጥያቄ ጀርባውን ሲሰጥ ረጅም ጊዜ መያዝ ትዕግሥት መሆኑ ይቀራል።

ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። የባንኮች ዓመታዊ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ይጠራል። ብዙ ሰው ለአበሉና ለምሳው ሄዶ፣ ሪፖርቱን ወንበር ላይ ትቶት ይወጣል። ዘንድሮ ሪፖርቱን ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ ካምናውና ከካቻምናው ጋር አስተያዩት፤ ከወረደ ምክንያቱን እጃችሁን አውጥታችሁ እዚያው ጉባኤው ላይ ጠይቁ።