የላይኛው ግቢ ውኃ

በሐምሌና በነሐሴ ከምዕራቡ ተራራ ወደ ራያ ቆቦ ሜዳ የሚወርደው ጎርፍ ዕድሜው የሰዓታት ነው። ሆርማትና ጎቡ ድንገት ያገሳሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጸጥ ይላሉ። የቆላው ገበሬ ይህን ችኩል እንግዳ አያባርረውም። ድንጋይ፣ ቅርንጫፍና አሸዋ ቆልሎ ከወንዙ ይጠልፈዋል፤ በቦይ መርቶም ማሽላ በሚያበቅልበት ማሳ ላይ ያስተኛዋል። ደለሉ ማዳበሪያ፣ እርጥበቱ ለደረቁ ወራት ስንቅ ነው። ማሳው ሲጠግብ ዳሩን ከፍቶ ትርፉን ለታችኛው ጎረቤት ያሳልፋል። ኃይለኛ ጎርፍ ጠለፋውን ቢያፈርሰው፣ ያፈርሰዋልም፣ ተሰባስበው ደግመው ይሠሩታል።

እኛ ከተሜዎች ግን ተዳፋት ላይ ግቢ አጥረን፣ ምድሩን ሲሚንቶ አልብሰን፣ ውኃውን በአንዲት ቀዳዳ በታችኛው ቤት ግድግዳ ላይ እንተፋዋለን። ይህንንም «ፍሳሽ ማስወገድ» እንለዋለን! በእኔ አስተያየት የራስን ዕዳ በሰው ሒሳብ መመዝገብ ነው (የባንክ ሠራተኛነቴ አመለጠኝ መሰል)።

ግቢ የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት አንድ ክረምት ከማሽላ ማሳ ዳር ቢቆም እመኛለሁ። ከዚያም የግቢውን ጥግ አፈር ሳይሸፍን ይተው፤ ከቤቱ መሠረት ርቆ ጠጠር የሞላበት ጉድጓድ ያዘጋጅ፤ የተረፈውንም ከታችኛው ጎረቤቱ ጋር መክሮ፣ አብረው በቆፈሩት ቦይ ይልቀቀው።