ከቸርችል ጎዳና እስከ ኪየቭ፦ የጦር ዕርዳታ ሂሳብ

ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ ለገሃር ለሚመለከት ሰው ከፊቱ የተዘረጋው ጎዳና የቸርችል ነው። ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ፒያሳ መሃል ቢዘልቅ ደጎል አደባባይን ያገኛል፤ ከዚያ አለፍ ሲል ደግሞ ከኒንግሃም መንገድ አለ። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሁለተኛው የነፃ ፈረንሳይ መሪ፣ ሦስተኛው ከኬንያ ተነስቶ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጦር አዛዥ ነበሩ። የአራዳ ሰው እነዚህን ስሞች የሚጠራቸው ለቀጠሮና ለታክሲ ነው፤ ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ስሞቹ ግን እዚያ የተሰቀሉት ለጦር ዕርዳታ ውለታ ነው።

የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ በዚሁ ሰፈር ቡና ቤቶች ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ፑቲንን፣ ሌላው ዘለንስኪን ይዞ፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ ይመስል ውጤት ይቆጠራል። ማን ምን መሣሪያ ሰጠ፣ ማን ምን ከለከለ የሚለው ወሬ ግን ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ይህች አገር ተከልክላም፣ ተቀብላም፣ ከፍላም ታውቃለች።

በ1927 ክረምት ጣሊያን ጦሯን ምፅዋና ሞቃዲሾ ላይ ስታራግፍ እንግሊዝ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አለች። ለሁለቱም መባሉ ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን አውሮፕላኑንም፣ ታንኩንም፣ የመርዝ ጋዙንም የምታመርተው በራሷ ፋብሪካ ነበር፤ ጥይት ከውጭ መግዛት የነበረባት ኢትዮጵያ ብቻ ነች። ፈረንሳይ በጅቡቲ ባቡር መሣሪያ እንዳይጫን ከለከለች። አሜሪካ በነሐሴ ወር የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። በኢትዮጵያ ላይ የነበረው እገዳ እንዲነሳ የመንግሥታቱ ማኅበር የወሰነው ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ከተጀመረ በኋላ ነው። በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብም ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

በዚያ ጭንቅ ቀን ለኢትዮጵያ በምስጢር ጠመንጃ ከላኩት መሪዎች አንዱ ሂትለር መሆኑን ሲሰማ የማይደነግጥ የለም። ሙሶሊኒ በኦስትሪያ ጉዳይ እየተገዳደረው ስለነበር አፍሪካ ውስጥ ተይዞ እንዲቆይለት ፈልጎ ነው። በዓመቱ ሁለቱ ተቃቅፈው ሮምና በርሊን አንድ ሆኑ። ጠመንጃውን የተቀበሉት ኢትዮጵያውያን ላኪውን የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ያደረጉትን ንግግር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከአራት ቀን በኋላ የሆነውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ትግሉን ለመቀጠል ለ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ማኅበሩ ዋስ እንዲሆናት ጠየቀች። 23 አገሮች ተቃወሙ፣ 25 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የደገፈው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የኢትዮጵያ የራሷ ድምፅ ነው።

እንግሊዝ ሚያዝያ 1930 ከሮም ጋር ተፈራርማ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ለመቀበል እስከ መስማማት ደረሰች። አርበኛው በሸዋ፣ በጎጃምና በበጌምድር የሚዋጋው በአብዛኛው ከጠላት በማረከው መሣሪያ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው ሰኔ 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው። ለአራት ዓመት ያልሰማ ጆሮ በሳምንታት ውስጥ ሰማ፤ ስደተኛው ንጉሥም ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ተላኩ።

ከድሉ በኋላ ሂሳቡ መጣ። በጥር 1934 የተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች ተወካዮች ሁሉ በክብር እንዲቀድም አደረገ፤ ኦጋዴንና ሐውድም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆዩ። ጣሊያን ጥላው ከሄደችው ማሽንና ተሽከርካሪ ብዙው ተጭኖ ወጣ። ሐውድ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ከገባ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንግሊዝ አልረዳችም ማለት ግፍ ይሆናል፤ ረድታለች፣ ወታደሮቿም ሞተዋል። የረዳችው ግን በራሷ ሰዓት፣ በራሷ ዋጋ ነው።

ይህን የሚያስታውስ ሰው የኪየቭ ዜና ብዙም አያደናግረውም።

ዩክሬን በ1987 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ የኑክሌር መሣሪያዋን ለማስረከብ ተስማምታ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከራሷ ከሩሲያ የድንበር መከበር ቃል ተቀብላለች። ኢትዮጵያም በ1920 ከጣሊያን ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ነበራት፤ የቆየው ሰባት ዓመት ነው። ሩሲያ ልትወር ሳምንታት ሲቀሯት ጀርመን ለኪየቭ እልካለሁ ያለችው 5,000 የብረት ቆብ ነበር፤ በዓመቱ ሊዮፓርድ ታንክ ፈቀደች። አሜሪካ ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅል ለማጽደቅ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 2016 በምክር ቤት ንትርክ ስድስት ወር ፈጀባት። በመሃል፣ የካቲት 2016፣ ጥይት ያጠራቸው የዩክሬን ወታደሮች የአቭዲቭካን ከተማ ለቀው ወጡ።

የካቲት 21 ቀን 2017 ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የኋይት ሐውስ ጭቅጭቅ ተከተለ። ትራምፕና ምክትላቸው ዘለንስኪን በካሜራ ፊት «አላመሰገንክም» እያሉ ወረዱበት። ከሦስት ቀን በኋላ መሣሪያው ቆመ፣ ቀጥሎም የስለላ መረጃው ተቋረጠ፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ተመለሰ። በሚያዝያ ዩክሬን ስለ ማዕድኗ ከዋሽንግተን ጋር ውል ፈረመች። በክረምቱ አዲስ አሠራር ወጣ፦ አሜሪካ መሣሪያውን ትሸጣለች፣ አውሮፓውያን ሂሳቡን ይከፍላሉ፣ ዩክሬን ትዋጋበታለች። ታኅሣሥ 2018 ላይ የአውሮፓ ኅብረት በታገደው የሩሲያ ገንዘብ መጠቀም አቅቶት፣ ቤልጅየምም አልስማማም ብላ፣ በራሱ ስም ተበድሮ ለኪየቭ 90 ቢሊዮን ዩሮ ሊያበድር ወሰነ።

እዚህ ላይ የፒያሳው ተከራካሪ አንድ እውነት አለው። 90 ቢሊዮን ዩሮና የተከለከለው የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ዋስትና ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያማል። በሱዳን ሚሊዮኖች ሲፈናቀሉ ብራስልስ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጠችም። ነጭ ሲወረር ዓለም ይነሳል፣ ጥቁር ሲወረር ኮሚቴ ይቋቋማል የሚለው ምሬት ከባዶ የመጣ አይደለም። ችግሩ ምሬቱ ሲጠና ለወራሪ ወደ ማጨብጨብ መሄዱ ነው።

የሩሲያ ፍቅርም የራሱ ታሪክ አለው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛ አክመዋል፤ የምኒልክ ሆስፒታል መነሻም እነሱ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን ይዞ ሐረርን ሲያስጨንቅ፣ አሜሪካ ዕርዳታ ባቋረጠችበት፣ ኢትዮጵያ የከፈለችበት መሣሪያ ሳይቀር በተያዘበት ሰዓት የሞስኮ አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ አራገፉ፤ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮች ተሰለፉ። ካራማራ ላይ ወንድሙን ያጣ ቤተሰብ ይህን አይረሳም፤ መርሳትም የለበትም።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። የዚያድ ባሬን ጦር ለዓመታት ያስታጠቀውና ያሠለጠነው ያው ሞስኮ ነው። በኦጋዴን ሜዳ የሶቪየት ታንክ በሶቪየት ታንክ ላይ ተኮሰ። ጎርባቾቭ የቤታቸው ችግር ሲከብዳቸው ለደርግ የሚሄደው መሣሪያ ደረቀ፤ ዕዳው ግን አልደረቀም። በ1994 ዓ.ም. ሩሲያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ እስክትሰርዝ ድረስ በኢትዮጵያ ትከሻ ላይ ነበር። ደግሞስ ያኔ «የሩስ» የተባለው ሁሉ የሩሲያ ብቻ ነበር? መሣሪያውን ያመጡት አንቶኖቮች የተነደፉት ኪየቭ ነው። ካርኪቭ የሶቪየት ታንክ ከሚመረትባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በኦዴሳ፣ በኪየቭና በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 200 ቲ-72 ታንክ ስታዝ ሻጯ ዩክሬን ነበረች። ውለታ ከተቆጠረ ለሁለቱም ይቆጠር።

በሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ የታየው ሰልፍ የዚህ ሁሉ ድብልቅ ውጤት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች በጠዋት ተሰለፉ። የበሩ ጥበቃዎች ስም ይመዘግባሉ፣ የውትድርና ማስረጃ ያለውን ይጠይቃሉ። ለሩሲያ ለሚዋጋ 2,000 ዶላር ይሰጣል የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ ነበር። ኤምባሲው ተዋጊ እንደማይመለምል አስታወቀ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም መግለጫውን በአዎንታ ተቀበለው። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ዶኔትስክን በካርታ ላይ ማሳየት የሚችል ስንት ነበር? የሥራ ማጣት ጉዳይ ነው እንጂ የጂኦፖለቲካ ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም የአንድ አገር ወጣት የሌላውን ወረራ እንደ ሥራ ቅጥር ሲያየው የተሳሳተ ነገር ሰምቷል ማለት ነው፤ ከሰማቸው ቦታዎች አንዱም የገዛ መንግሥቱ ዝምታ ነው።

ዝምታው ቀን አለው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ጦሯን እንድታስወጣ የጠየቀበት ውሳኔ የጸደቀው የካቲት 23 ቀን 2014 ነው። ምኒልክ አደባባይ 126ኛው የዓድዋ በዓል በሚከበርበት ዕለት! 141 አገሮች ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ተዓቅቦ አደረጉ። 12 አገሮች ድምፅ አልሰጡም፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ አንዷ ነበረች። በመጋቢት ኢትዮጵያ የሩሲያን ከሰብአዊ መብት ምክር ቤት መታገድ ተቃውማ ድምፅ ሰጠች፤ በጥቅምትና በየካቲት 2015 ስለ ዩክሬን በቀረቡት ውሳኔዎች ተዓቅቦ አደረገች።

ለመንግሥት ምክንያት አይጠፋም። ሰሜኑ በጦርነት ላይ ነበር፤ አሜሪካ ከአጎዋ ዕድል አስወጥታን ነበር፤ በጸጥታው ምክር ቤት ሩሲያና ቻይና ጫናውን ይከላከሉልን ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ኬንያ ግን ወረራው ሳይጀመር በአምባሳደር ማርቲን ኪማኒ አፍ ቅኝ ገዢ ያሰመረውን ድንበር በኃይል መቀየር እንደማይገባ ተናግራ፣ በየካቲት 23ቱ ድምፅ ከ141ዱ ጋር ቆማለች፤ ሞስኮም ኤምባሲዋን ከናይሮቢ አልነቀለችም። ትንሽ አገር የምትጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚፈራውን ያህል አይደለም።

ዝምታ ስንዴም አላስቀረም። ነሐሴ 24 ቀን 2014 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ጅቡቲ ደረሰች። ስንዴው የበቀለው በኒውዮርክ ድምፃችንን በነፈግናቸው ሰዎች መሬት ነው። እርግጥ ኪየቭም ያለ ጥቅም አልነበረችም፤ የአፍሪካን ድጋፍ ትፈልግ ነበር፤ የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዲሚትሮ ኩሌባም በ2015 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ይህንኑ ጠይቀዋል።

ኢትዮጵያ ለዩክሬን ጥይት ትላክ፣ ከሩሲያም ትጣላ የሚል የለም፤ ከሁለቱም ጋር መነገድና መወዳጀት ትችላለች፣ አለባትም። ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነው፤ በጀት አይጠይቅም፣ ወታደር አያስልክም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሹማምንት ለሚቀጥለው የድምፅ ቀን መመሪያ ከመጻፋቸው በፊት ሰኔ 27 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ተዓቅቦ ያደረጉትን 25 አገሮች ዝርዝር አውጥተው ይመልከቱ። እነሱም እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው።